ማለዳ ስለ መተኛት

አሶሳ፣ ኅዳር 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ቡለን በእህቷ ቤት ለምትገኘው፣ ለምወዳት ባለቤቴ ለየሺሀረግ፤

እንዴት ሰነበትሽልኝ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን በጤናዬ አለሁ። ስለ ልጃችን ስለ ሰራዊት ምንም ወሬ የለም። ይህን ከላይ የጻፍኩት ሕሊና ደብዳቤውን አንብባ እስክትጨርስ ትንፋሽሽን ይዘሽ እንደምትቀመጪ ስለማውቅ ነው። እንግዲህ ተንፍሺና ስሚኝ። አንቺም ልጄ ሕሊና፣ ቀስ ብለሽ አንብቢላት፤ ረዘመ ብለሽ እንዳትዘይ። አባትሽ በገዛ እጁ ነው የጻፈው።

አዎ የሺ፣ እኔ ነኝ። የማታ ትምህርቱን ጨርሻለሁ። መምህርት ስርጉት በሰው ፊት “እንደ በቃሉ ቶሎ የገባው የለም” ብላለች። እርግጥ ያን ቀን መነጽሩን ያልረሳ እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ቢሆንም ብላለች። አሁን አሶሳ ከተማ ስገባ ያላነበብኩት ታፔላ የለም። የባጃጆቹን ጀርባ ሁሉ አንብቤ ጨርሼ አዲስ ባጃጅ እስኪገባ እየጠበቅኩ ነው።

ለምን ስልክ አልደወለም ትይ ይሆናል። ስልኩ ሲሻው ይሠራል፣ ሲሻው ይተኛል። ሲሠራም አንቺ “ወሬ አለ?” ትያለሽ፤ እኔ “የለም” እላለሁ፤ ትዘጊዋለሽ። ደብዳቤ ግን አይዘጋም። እህል ጭኖ ወደ እናንተ የሚመጣ ሾፌር አግኝቼ ነው የምልከው።

ማሽላው ደርሷል። ወፍ ትንሽ ቀማምሶታል እንጂ ክፉ አይደለም። ቀይዋ ላም ወለደች፣ ወንድ ነው። ስትወልድ ደስ ይለኛል ብዬ ስጠብቅ ነበር። ወለደች፤ አየሁት፤ ጥጃ ነው። ስም የሚያወጣው ሰራዊት ስለነበር እስካሁን ስም የለውም።

ልጃችን ከጦር ሰፈሩ “ልንንቀሳቀስ ነው” ብሎ ደውሎ ስልኩ ከጠፋ ወዲህ እዚህ ቤት ማለዳ እንዴት እንደነበር አንቺ ታውቂዋለሽ። መርዶ የሚነገረው ማለዳ ነውና ውሻ በጮኸ ቁጥር ሁለታችንም አልጋው ላይ ቁጭ እንል ነበር። አንቺ ነጠላሽን ጥርስሽ መሃል ትይዢ ነበር። እኔ ደግሞ ውሻውን እንዳትሰሚ ብዬ ስለ ጎረቤት ዶሮ እቀልድ ነበር። ወተት የሚያመጣው ሰው እንኳ በእኛ በር ማለፍ ትቶ ዞሮ መሄድ ጀመረ። አንቺ ከሄድሽ በኋላ ባሰብኝ። ጎህ ሳይቀድ ተነስቼ አጥሩ ሥር እቆም ነበር። እጄ ስለሚንቀጠቀጥ በማታ ትምህርት ፊደሌ ሁሉ ጭራ አወጣ፤ ስርጉት ግን “የእጅ ጽሕፈትህ ጌጥ አለው” አለችኝ።

ከፍልሰታ በኋላ ወደ ንስሐ አባታችን ሄድኩ። “አባታችን፣ ልጄን በየቀኑ ለእግዚአብሔር አደራ እሰጣለሁ፤ ጭንቀቱ ግን አለቀቀኝም” አልኳቸው።

“ለኦመር ፍየል አደራ ሰጥተህ ታውቃለህ?” አሉኝ።

“በየክረምቱ እሰጣለሁ።”

“ታዲያ በየማለዳው እየሄድክ በረቱን ትከፍታለህ?”

“ኧረ ኦመር ይቀየመኛል።”

“እንግዲህ” አሉና መቋሚያቸውን ይዘው ተነሱ። እኔን በነገር የረታኝ ሰው እሳቸው ብቻ ናቸው፤ ለማንም እንዳታወሪ።

ቶሎ አልሠራልኝም። ጸሎቴን አድርሼ፣ “ይኸው ልጄን ተረከበኝ” ብዬ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ በር ሳልደርስ መልሼ እቀበለዋለሁ። ቀን ለእግዚአብሔር እሰጣለሁ፣ ማለዳ አጥር ሥር ቆሜ እፈልጋለሁ። እንዲህ ስል መከሩ ደረሰ።

ባለፈው ሳምንት ማክሰኞ ማለዳ ውሻው ጮኸ። በሩ ላይ የእድራችን ዳኛ ጋሽ ስለሺ፣ ኦመርና ሌላ አንድ ሽማግሌ ቆመዋል። ጋሽ ስለሺ ጋቢውን ተከናንቧል፤ ኦመር በጀለቢያው ላይ ኮት ደርቧል። ማንም እንደምን አደርክ አላለኝም። ጋሽ ስለሺ ጣቱን አፉ ላይ አድርጎ ክንዴን ያዘና በቤቱ ጀርባ ወደ ማንጎው ሥር ወሰደኝ። “ቁጭ በል” አለኝ በሹክሹክታ። ይህ ምን እንደሆነ አንቺም ታውቂያለሽ። ተቀመጥኩ።

የሺ፣ ልቤ ይፈነዳል ብዬ ጠበቅኩት። አልፈነዳም። እጄን አየሁት፤ አይንቀጠቀጥም። በሆዴ “ጌታዬ፣ ልጄ አንተ ዘንድ ነው። ቢኖርም አንተ ዘንድ ነው፣ ባይኖርም አንተ ዘንድ ነው” አልኩ። ይህን ስል መልሼ አልተቀበልኩትም። ብርሃን አየሁ ብዬ ባሳምረው ደስ ይለኝ ነበር፤ ማሳመር እንደማያቅተኝ ታውቂያለሽ። ግን ብርሃን አልነበረም። ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ቆይቶ ሲያባራ፣ እስካሁን እየጮህን ስናወራ እንደነበር የምናውቀው ያን ጊዜ አይደል? እንደዚያ ነበር። ጸጥ አለ።

“ተናገሩ” አልኳቸው።

“ቀስ” አለ ኦመር። “ቢቂላ ይሰማል።”

“ይስማ። ጎረቤቴ አይደል እንዴ?”

ተያዩ። ኦመር ግንባሩን በመዳፉ ያዘ። “ያ በቃሉ፣ ወላሂ ያንተ አይደለም። የቢቂላ እናት ነው። ማታ ባምባሲ ሞተ።” ኦመር ሴቱንም ወንዱንም በአንድ እንደሚጠራ ታውቂያለሽ።

ጋሽ ስለሺ ጋቢውን ከራሱ ላይ አወረደ። “አጥራችሁ አንድ ስለሆነ፣ ሳንነግረው እንዳይሰማ ብለን ነው የተንሾካሾክነው። ምን ነካን፤ አንተን አላሰብንህም። ይቅር በለን።”

“እኔን ምን ትሠሩኛላችሁ ታዲያ?”

“ከፊት ሁንልን። ካንተ ጋር ይግባባል፤ ይስቃል።”

“ለመርዶ ቀልደኛ ይዞ የሚሄድ እድር የእኛ ብቻ ነው” አልኩ። ማንም አልሳቀም፤ እኔም አልሳቅኩም።

የኛ ሰራዊት አለመሆኑን ስሰማ ደስ አለኝ ብል ውሸት ነው። ማንጎው ሥር የኛ ነው ብዬ ሳስብም አላለቀስኩም። ጋቢዬን ለብሼ ሄድኩ።

ቢቂላ መፋቂያ እየፋቀ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ሽማግሌዎቹ መሃል እኔን አየ። መፋቂያውን ጥሎ መጣና አንገቴ ላይ ተጠመጠመ።

“አይዞህ ወንድሜ” አለኝ። “አይዞህ። ሰራዊት ነው?”

እሱም ሲጠብቅ ኖሯል የሺ። እኔ ብቻዬን የምጠብቅ መስሎኝ ነበር። በየማለዳው ውሻችን ሲጮህ እሱም አልጋው ላይ ቁጭ ይል ኖሯል፤ በኋላ ነው የነገረኝ። ጀርባውን ይዤ “አይደለም ቢቂላ። እማማ ናቸው” አልኩት። እጁን ከአንገቴ አላነሳም። ክብደቱ ብቻ ጨመረ።

ለቅሶው ላይ ከድንኳኑ አልወጣሁም። ውኃ አቀረብኩ፣ ወንበር ተሸከምኩ፣ ከባምባሲ የመጡትን ዘመዶቹን አስተናገድኩ። ሰው ሲበተን ቢቂላ “አንድ ነገር በል እንጂ በቃሉ፣ ዝምታህ ከለቅሶው በለጠብኝ” አለኝ። ስለ ባጃጆቹ ነገርኩት። ሳቀ፣ ከዚያ እንደገና አለቀሰ። እኔ አጠገቡ ነበርኩ።

ከዚያ ወዲህ ማለዳ ውሻው ይጮሃል። እሰማዋለሁ። “አንተ ዘንድ ነው” እልና ወደ ግድግዳው ዞሬ እተኛለሁ። አንድ ቀን ፀሐይ እግሬ ላይ ደርሳ ነው የነቃሁት፤ ላሟ ሳትታለብ እየጮኸች ነበር። ከልጅነቴ እንዲህ ተኝቼ አላውቅም። እህልም እበላለሁ። እጄ መንቀጥቀጥ ትቷል፤ ፊደሉን እይው፣ ጭራ የለውም።

ነገር ግን ልንገርሽ፤ ደስታም የለም። እንደ ታመመ ጥርስ ነው፣ መርፌ ተወግቶ ከንፈር ሲደነዝዝ። ንስሐ አባታችንን “ይህ የእግዚአብሔር ሰላም ነው ወይስ ደንዝዤ ነው?” ብዬ ጠየቅኳቸው። አሰቡና “እኔም አላውቅም። ፍርሃቱ ሄዷል?” አሉኝ። “ሄዷል” አልኳቸው። “እንግዲያው አመስግነህ ተኛ፤ የቀረውን በጊዜው ይሰጥሃል” አሉኝ። እሺ ብዬ እያመሰገንኩ እተኛለሁ።

አንቺ ቡለን የሄድሽው መርዶ ነጋሪ አባይን አይሻገርም ብለሽ ነው። አልፈረድኩብሽም። እኔም መሄጃ ቢኖረኝ እሄድ ነበር። አሁን ግን የሺ፣ ወሬ እስኪመጣ አትጠብቂ። ያለ ወሬ ነይ። እዚያም ሆነሽ ማለዳ ማለዳ አልጋ ላይ እንደምትቀመጪ አውቃለሁ፤ እህትሽ ቤት ደግሞ የሚቀልድልሽ የለም። እኔ አንድ ጊዜ ያስረከብኩትን አንቺ ስትመጪ አብረን እናስረክባለን፤ የእናት እጅ ሳይጨመርበት ጎደሎ ይመስለኛል።

ክፉ ከመጣ በአንድ ደጅ ያግኘን። ደግ ከመጣም ብቻዬን መስማት አልፈልግም፤ እንደ ጥጃው ዝም ብዬ አየው ይሆናል ብዬ እፈራለሁ። ፍርሃት የቀረኝ እሱ ብቻ ነው። እስካሁን አንድ ጊዜ እንኳ አላለቀስኩም የሺ። አንቺ በር ስትገቢ ይሆናል።

ጌታ መንገድሽን ያቅናልሽ። ሕሊናዬን ከዓይነ ጥላ፣ እህትሽንም ከነቤቷ ይጠብቅልኝ፤ ልጃችንንም ባለበት እጁ አይለየው። ቢቂላና ኦመር ሰላም ብለውሻል፤ ጋሽ ስለሺም።

ባለቤትሽ
በቃሉ (ራሴ የጻፍኩት)