ታድሶ ስላለቀው ቤትና ስለተሰጡን ሠላሳ ቀናት

ለተከበራችሁ የሚስዮን ማኅበራችን የንብረትና የመኖሪያ ቤት ኮሚቴ አባላት፣
ዋናው መሥሪያ ቤት፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ምንጣፍ የተነጠፈበት የስብሰባ ክፍል

ክቡራንና ክቡራት ሆይ፣

በያላችሁበት ወንበር ሰላምና ጤና ይብዛላችሁ እያልኩ፣ ወገባችሁ ከስብሰባው ርዝመት፣ ዓይናችሁም ከእኛ ደብዳቤ ብዛት እንዴት እንደሰነበተ በትሕትና እጠይቃለሁ። እኛ በእግዚአብሔር ቸርነትና በቧንቧ ሠራተኛው ትጋት ደህና ነን። ይህን ደብዳቤ ለእናንተ ብቻ ሳይሆን ለማኅበሩ መጽሔት አንባቢዎችም የላክሁት፣ ለእናንተ ለብቻችሁ የጻፍኳቸው አሥራ አንድ ደብዳቤዎች እዚያ መሳቢያ ውስጥ ብቸኝነት ተሰምቷቸው ይሆናል ብዬ ስላዘንኩላቸው ነው።

ማን መሆኔን ዘንግታችሁ እንደሆነ፣ ከአራት ዓመት በፊት ባሕር አሻግራችሁ የላካችሁት ሚስዮናዊ ሚስት ነኝ። አብረውን ሁለት ሴቶች ልጆቻችንና ዓይነ ስውር የሆኑት አማቴ፣ የባለቤቴ እናት፣ አሉ። የምንኖረውም እናንተ ከአንዲት ጡረታ ከወጡ ነርስ በተከራያችሁልን አሮጌ ቤት ነው። ቅሬታ የለኝም፤ ያሉኝ ምስጋናዎች ብቻ ሲሆኑ፣ ለአሠራራችሁ እንዲመች በቁጥር ከፋፍዬ አቀርባቸዋለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ቤቱ አገላለጻችሁ። ስንነሣ በእጃችን የሰጣችሁን ወረቀት ቤቱ “መጠነኛ እድሳት የሚፈልግ” መሆኑን ይገልጻል። የመኝታ ቤቱ በር በእርግጫ ካልሆነ አይከፈትም ነበር፤ የኩሽናው ማብሪያና ማጥፊያ የነካውን ሁሉ ያንዘፈዝፋል፤ የመታጠቢያ ቤቱ ወለል ከሥሩ ምንም እንደሌለው ደግሞ በባለቤቴ አንድ እግር አረጋገጥን። የቧንቧ ሠራተኛው ግድግዳውን ሰርስሮ ካየ በኋላ ራሱን እየነቀነቀ፣ ይህን የዘረጋው ሰው ከውኃ ጋር ቂም ነበረው ወይ ብሎ ጠየቀን። ከዚያ ወዲህ መጠነኛ የሚለውን ቃል በሰማሁ ቁጥር ልቤ ድንግጥ ይላል።

ሁለተኛ፣ ስለ ጣሪያው። ጣሪያው ያፈሳል ብለን በጻፍንላችሁ ጊዜ፣ ሲያፈስ የሚያሳይ ፎቶግራፍ ላኩ ብላችሁ አዘዛችሁን። ላክን። ውኃ አይታይም አላችሁ፤ እውነታችሁን ነው፣ ያን ቀን ፀሐይ ነበር። እየዘነበ አንሡት አላችሁ። ባለቤቴ በዚያ ዶፍ መሰላል ላይ ወጥቶ፣ እኔ መሰላሉን ይዤ፣ ልጆቼ ባልዲ እየለዋወጡ፣ ጠብታው ሌንሱ ላይ እያረፈ እንደምንም ብለን አነሣን። ምስሉ ስለደበዘዘ ለውሳኔ አያመችም አላችሁ። ሲመረን ጊዜ ከአከራያችንና ከሰፈሩ ቆርቆሮ ሠሪ ጋር ሆነን ራሳችን ቀየርነው። የመጨረሻ መልሳችሁ ከስምንት ወር በኋላ ደርሶን ስናነበው ጣሪያው በማንም እንዳይነካ ከልክላችኋል። ታዘናል፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ማንም አልነካውም።

ሦስተኛ፣ ስለ እርዳታችሁ። ሲሚንቶ ብንለምናችሁ ስለ ትዕግሥት የተጻፈች ትንሽ መጽሐፍ አርባ ቅጂ ላካችሁልን። አንዷን ተራ በተራ አነበብናት። ከተረፉት ውስጥ አራቱ አንድ እግሩ ያጠረውን ቁም ሣጥን ቀጥ አድርገው ይዘውታል። እኔን ግን፣ እንደምታዩት፣ አልቻሉኝም።

አራተኛው ላይ ቀልዴን ትንሽ ልተወው። አማቴ ዓይናቸውን ካጡ ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል። ሰው ሳይዛቸው ከአልጋቸው ርቀው አያውቁም ነበር፤ መጸዳጃ ቤት ለመሄድ እንኳ ተጣርተው ይጠብቃሉ፣ መጣራቱም ያሳፍራቸው ነበር። ባለቤቴ ወለሉን ጠግኖ ከጨረሰ በኋላ ከአልጋቸው ራስጌ ጀምሮ፣ በኮሪደሩ ግድግዳ በኩል አድርጎ፣ እስከ ኩሽናውና እስከ ጓሮው በር ድረስ የእጅ መደገፊያ እንጨት ዘረጋላቸው። የሚያውቀው ስብከት እንጂ አናጺነት ስላልሆነ ሦስት ጊዜ አፍርሶ ሠራው። በመታጠቢያ ቤቱ ትይዩ አንድ ገመድ፣ በኩሽናው ትይዩ ሁለት ገመድ ጠመጠመበት፤ በእጃቸው ዳብሰው የት እንደደረሱ እንዲያውቁ ነው። ወራት ፈጀባቸው፤ ወደቁም፣ ተነሡም። አንድ ጠዋት ሽንኩርት እየከተፍኩ ዘወር ስል አማቴ ብርጭቆ ይዘው ከቧንቧው ውኃ ሲቀዱ አየሁ። ማንንም አልጠሩም። እኔ ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ፤ እሳቸው ግን ምነው ልጄ፣ ሽንኩርቱ ነው ወይ ብለው ሳቁብኝ።

አምስተኛ፣ ስለ ጉብኝታችሁ። ሦስት ሆናችሁ መጣችሁልን፤ ምሳችንን በላችሁ፣ ቤታችንን ባረካችሁ፣ ከዚያም ሜትር አውጥታችሁ ክፍሎቹን ለካችሁ። ምን ሊሠሩልን ይሆን ብለን ደስ አለን፤ የዋህነታችንን ይቅር በሉን። ከመካከላችሁ አንድ ክቡር ወንድም መደገፊያውን በጣታቸው መታ መታ አድርገው፣ ይህ ነገር የኮሪደሩን ውበት ስለሚያበላሽ ቢነሣ መልካም ነው አሉ። አማቴ እዚያው ኮሪደሩ ጫፍ ቆመው ነበር። የጠፋው ዓይናቸው እንጂ ጆሯቸው አለመሆኑን አስቀድሜ ባለመንገሬ ጥፋቱ የእኔ ነው።

በሁለተኛው ሳምንት ደብዳቤያችሁ ደረሰን፤ በአራት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈጠናችሁ። ቤቱ ለአንድ ሚስዮናዊ ቤተሰብ ምቾቱ ስለበዛ የማኅበሩ እንግዶች ማረፊያ እንዲሆን መወሰኑን፣ እኛም በሠላሳ ቀን ውስጥ እንድንለቅ፣ ቤት የማደስ ጸጋ እንደተሰጠን በግልጽ ስለታየም ከከተማው ማዶ መጠነኛ እድሳት የሚፈልግ ሌላ ቤት እንደተገኘልን አበሠራችሁን። ወይ ጉድ! አማቴ ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው። ይህን አንድ ቤት በእጃቸው ለመማር የከፈሉትን ድካም እኔ አይቻለሁ፤ ሁለተኛ የሚማሩበት አቅም የላቸውም።

አከራያችንን ልሰናበታቸው ሄድኩ። እሳቸው ሰምተውኝ መሳቢያቸውን ከፍተው ውሉን አወጡ። ከእናንተ ጋር የነበራቸው ውል ካለቀ ሁለት ወር አልፎታል። ይታደስ ብለው ሦስት ጊዜ ጽፈውላችኋል፤ እናንተም ሦስቱንም ጊዜ ጉዳዩ በአጀንዳው መጨረሻ “ልዩ ልዩ” በሚለው ሥር መያዙንና ሰዓት ስለሞላ ለሚቀጥለው ስብሰባ መተላለፉን በአክብሮት አሳውቃችኋቸዋል። በእጃችሁ የሌለውን ቤት ለእንግዳ መስጠታችሁን ሲሰሙ መነጽራቸውን አውልቀው እስኪበቃቸው ሳቁ፤ ከዚያም ሂጂ ባልሽን ጥሪው አሉኝ። ከትናንት በስቲያ ጀምሮ የቤቱ የኪራይ ውል በእኔና በባለቤቴ ስም ነው።

ስለዚህ አንወጣም።

እውነቱን ልናገር፣ ፈርቻለሁ። የመኖሪያ ፈቃዳችን በማኅበሩ ስም ስለሆነ ባለቤቴን ከአገልግሎት ብታሰናብቱት ከቤቱ ብቻ ሳይሆን ከአገሩም እንወጣለን፤ አማቴም ተመልሰው አልጋቸው ላይ ቁጭ ብለው ሰው ይጣራሉ። ባለቤቴ ይህን ሁሉ አሳምሮ ያውቃል፤ ሆኖም ውሉ ላይ ከእኔ ቀድሞ የፈረመው እሱ ነው።

የምንለምናችሁ ውለታ አንድ ብቻ ሲሆን እሱም ከአቅማችሁ በላይ አይደለም። ስለ እኛ አትቸኩሉ። የስንብታችንን ጉዳይ በአጀንዳው መጨረሻ አስይዙት፤ የመክፈቻው ጸሎት ይርዘም፣ ሻዩ ይደገም፣ ቃለ ጉባኤው ከነእርማቱ ይነበብ፣ ሰዓቱም ይሙላ። አማቴ በሕይወት እስካሉ ድረስ እባካችሁ ለሚቀጥለው ስብሰባ አስተላልፉን።

በሥልጣናችሁ ፊት ዝቅ ብላ እጅ የምትነሣ፣ ከቤቷ ግን ንቅንቅ የማትል እኅታችሁ፣
የሚስዮናዊው ሚስት

ሳልረሳው፦ ደብዳቤውን ከመላኬ በፊት ለአማቴ አነበብኩላቸው። ዕድሜያችሁን ጠየቁኝ፤ አብዛኞቻችሁ ስልሳን እንዳለፋችሁ ነገርኳቸው። እንግዲያው በየቤታቸው መደገፊያውን ከአሁኑ ያሠሩ፣ ዓይን ሳይጠፋ መልመድ ይቀላል ብለሽ ጻፊላቸው አሉኝ። ቀልዳቸውን አልነበረም። ባለቤቴ መጥቶ ይሠራላችኋል፤ አሁን እጁ ለምዷል።