የረዲ ድረ ገጽና የዋጃው መርዶ

ለወንድምዓለሜ ለበድረዲን፣

አሰላሙ ዓለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። ጤናህ እንዴት ነው? የጅዳው ሙቀት፣ ሥራው፣ ያ የሚያስቸግርህ ወገብህስ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደኅና ነን፤ ማሽላውም ዘንድሮ አላሳፈረንም።

ታናሻችን ረዲ «ሚዲያ ከፍቻለሁ፣ ካሜራ ላክልኝ» እንዳለህ፣ አንተም «የቆቦ ጋዜጠኛ» እያልክ እንደምታሞግሰው ሰማሁ። እስቲ ያልሰማኸውን ልንገርህ።

ጋዜጠኛህ የዋጃውን መምህርነት ትቶ፣ መናኸሪያው አጠገብ ክፍል ተከራይቶ፣ የሌሎችን ድረ ገጽ ሲያገላብጥ ይውላል። «ሐሳብ እየቀሰምኩ ነው» ይላል። ንብም ትቀስማለች፤ እሷ ግን ማር ትሰጣለች፣ ይኼ አበባውን ነቅሎ ነው የሚመጣው። ከአንዱ ቀለሙን፣ ከሌላው ዜናውን ይወስዳል። «ስለ እኛ» የሚለውን ገጽ ሳያነብ ገልብጦት ቢሮው ናይሮቢ ነው ይላል!

በቅርቡ ደግሞ አንድ የውጭ ጋዜጣ የሐዘን ዓምድ እንዳለው አየና እሱም ከፈተ። ሌላ ድረ ገጽ ላይ «የሽንኩርት ነጋዴው ወልደ ሚካኤል አረፉ» የሚል አገኘ። ሟቹ የሩቅ አገር ሰው ናቸው። ረዲ ግን የኛ የዋጃው አያ ወልደ ሚካኤል መስለውት፣ ፎቷቸውን ከልጃቸው ከፍሬሰላም ፌስቡክ አንሥቶ ለጠፈበት። አንተም እዚያ ሆነህ ለፍሬሰላም «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ብለህ አጋራኸው።

በማግሥቱ ዘመድ በሁለት ሚኒባስ ከሮቢት እያለቀሰ ዋጃ ገባ። አያ ወልደ ሚካኤል ሽንኩርታቸውን ውኃ ሲያጠጡ ለቅሶውን ሰምተው፣ ጋቢያቸውን አዘቅዝቀው «ማን ሞቶብኝ ነው?» እያሉ ሮጠው መጡ። እህታቸው እትዬ ቆንጅት ሲያዩዋቸው ራሳቸውን ስተው ወደቁ።

ሰኞ አያ ወልደ ሚካኤል ራሳቸው ቆቦ መጡ፤ እኔም ረዲ ቢሮ ነበርኩ። አልተቆጡም። «ልጄ፣ አራት ዓመት ስታስተምር በደጄ ነው የተመላለስከው። እኔን ለመግደል አንድ ሰው እንኳ አልጠየቅህም?» አሉት። ምን ቢመልስ ጥሩ ነው? «ከታመነ ምንጭ ነው ያገኘነው!» ሰውየው እፊቱ ቆመው! መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ማስተካከያውንም ከሌላ ቦታ ገለበጠው። ስሙን መቀየር ረስቶ «ወይዘሮ ለተ ብርሃን በሕይወት መኖራቸውን እንገልጻለን» ብሎ አወጣው።

ትናንት እጁን ይዤ ዋጃ ወሰድኩት፤ ሰው በተሰበሰበበት ቆሞ ይቅርታ ጠየቀ። አንገቱን ደፍቶ ሳየው ልቤ ራራለት። ሚኒባሱ ገና ዋጃን ሳይለቅ «የሠርግ ዓምድ ያለው ድረ ገጽ አግኝቻለሁ» አለኝ። ለሙሽሮቹ አላህ ይድረስላቸው።

ካሜራውን አትላክ። ፍሬሰላም ያለችው እዚያው ጅዳ ነው። ኔትወርክ ጠፍቶ ሦስት ቀን ሙሉ አባቷን ስታለቅስ ከርማ ነው ድምፃቸውን የሰማችው። ሄደህ ፊት ለፊት ይቅርታ በላት፤ አንተም ሳትጠይቅ ነው ያረዳሃት።

እማማ ዱዓዋ አይለይህም። አባባ ሰላም ብሎሃል፤ የረዲ ነገር ሲነሣ ግን ተነሥቶ ይወጣል። ልጄ ኡሙሰልማ «አጎቴን ሳሚልኝ» ብላለች። ረዲ ሰላምታውን ከየት እንደሚገለብጥ ገና አልወሰነም። አያ ወልደ ሚካኤልም «ዛሬም አለሁ በዪልኝ» ብለውሃል።

እህትህ ሙሚና
ቆቦ፣ ኅዳር 14 ቀን 2005 ዓ.ም.