ለሶሲ፣ ስለዚያ በፎጣ ስለታሰረው በር

ለጥርሰ ወላቃዋ፣ ለወሬ አቀባይዋ፣ ማስቲካዬን ከትራሴ ሥር ሰርቃ «ድመት በላው» ለምትለው፣ ድመት በሌለበት ቤት፤ ለእህቴ ለሶስና፦

ደብዳቤ ሲጀመር «ለጤናሽ እንደምን አለሽ» ይባላል። እሱን ልጽፍ እስክሪብቶ አነሳሁና አፈርኩ። አንቺ ብትሰሚኝ «ሞቻለሁ እኮ፣ ደደብ!» ትዪኝ ነበር፣ ያውም በእንግሊዝኛ። በአማርኛ ስንጠይቅሽ በእንግሊዝኛ መመለስ አመልሽ አይደል? ሶ፣ በእንግሊዝኛሽ ልበልና፣ ዘለልኩት።

ከተለያየን ዓመት ሊሞላ ነው። የወለቁት የፊት ጥርሶችሽ ይኼኔ በቅለው ነበር። መቼም ትልልቅ ሆነው ነበር የሚወጡት፣ የአባዬን ጥርስ አይቻለሁ። ለነሱ የሚሆን ስም ቀድሜ አውጥቼልሽ ነበር፤ እንዳስቀመጥኩት አለ።

ቤቱ ያው ነው። እዚያው አሜሪካ፣ ማውንት ቤከር ሰፈር ነን። አልጋሽን አባዬ ፈታው፣ እማዬ መልሳ አስገጠመችው፣ አሁን የታጠበ ልብስ ይከመርበታል። አባዬ ታክሲውን ይነዳል፤ ወደብ የሚሄድ መንገደኛ ሲያገኝ ግን ነዳጅ አልቆብኛል ይላል። እኔ እንደምታውቂኝ ነኝ። ሒሳብ ወድቄያለሁ፣ ፓርኪንግ ውስጥ የሰው መኪና ፓርክ አደርጋለሁ። አንድ አዲስ አመል ግን አምጥቻለሁ፤ በር ባየሁ ቁጥር እገፋለሁ። ባለፈው ሾርላይን፣ የእማዬ ጓደኛ እትዬ በቀለች አፓርታማ ያለውን የመዋኛ በር ስነቀንቅ ጥበቃው ሌባ መሰልኩትና ያዘኝ። «መዝጋታችሁን እያየሁ ነው» ብለው አላመነኝም። እኔም እሱን አላመንኩትም። ሁለተኛው አዲስ አመሌ እሱ ነው፤ ማንንም አላምንም።

ለምን እንደሆነ ልንገርሽ። አንቺ የነገሩን መጨረሻ አታውቂም፤ እኔ ደግሞ መጀመሪያውን አላየሁም፣ መርከቡ ላይ አልነበርኩማ። ጋሽ ታደሰ ሬድመንድ ባለው ሥራቸው ዕድገት አገኙና ለደስታቸው ሚስታቸውን አክስቴ አልማዝን፣ እማዬንና አንቺን ይዘው አላስካ በመርከብ ሊያሳዩዋችሁ ተነሱ። እኔና አባዬ ሥራ ይዞን ቀረን። ልትሳፈሩ ስትሉ ከቫንኩቨር ኮል አደረግሽልኝ። «መርከቡ ውስጥ ሊፍት አለ፣ አይስክሬም የፈለግነውን ያህል ነው፣ አንተ ግን የለህም» አልሽና ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘጋሽው። እኔም መልሴን አዘጋጅቼ ስትመለሺ ልጠብቅሽ አልኩ። ጥሩ መልስ ነበር።

ሌላውን የሰማሁት ነው። እማዬን ባሕሩ አዞራት። ልጆች የሚጠበቁበት ክፍል ወስዳ ለጠባቂዋ አስረከበችሽና ገብታ ተኛች። አንቺ ሽንት ቤት እሄዳለሁ አልሽ፣ ጠባቂዋም ብቻሽን ለቀቀችሽ። ከሽንት ቤቱ አለፍ ብሎ መዋኛው አለ። የመዋኛው በር መቀርቀሪያው ተሰብሮ በፎጣ ታስሮ ነበር። በፎጣ፣ ሶሲ! ያንቺ ጣት ደግሞ አጥብቄ ያሰርኩትን ጫማ እንኳ ይፈታ ነበር። ከዚያ በኋላ ያለውን አንቺም ታውቂዋለሽ፣ እኔም አልጽፈውም።

ከቀብሩ በኋላ ከመርከቡ ድርጅት ደብዳቤ መጣ። አባዬ ቆሞ እየተረጎመ አነበበልን። በጣም አዝነናል ይላል። ቀጥሎ ልጅን የመጠበቅ ኃላፊነት የወላጅ ነው ይላል። ቀጥሎ ደግሞ እናትየዋ ራሷ «ልጄን የገደልኳት እኔ ነኝ» ስትል በምስክሮች ፊት ደጋግማ አምናለች ይላል። አባዬ እዚያ ላይ ሲደርስ ቆመ። እማዬ ሶፋው ላይ ጋቢዋን ተከናንባ ነበር። «አንብበው፣ ምን ታፍራለህ?» አለችው። «እውነቱን ነው የጻፉት።»

አየሽ፣ ያስፈራን ይኼ ነው። የድርጅቱ ወቀሳ አይደለም። እማዬ ከዚያ ሶፋ አልነሳ አለች። ምግብ ስናቀርብላት «ልጇን የገደለች ሴት ምን ትበላለች?» ትለናለች። ድርጅቱ የሚለውንና እሷ የምትለውን አንድ ላይ ስታይው እነሱና እሷ አንድ ጠበቃ የቀጠሩ ነበር የሚመስለው።

የኛን ጠበቃ አባዬ ያገኛት በታክሲው ጭኗት ነው። አሮጊት ፈረንጅ ናት፤ ጆሮዋ ላይ መስሚያ ሰክታለች፣ አፏ ከሚንት ከረሜላ አይለይም። አንዴ ልጅ ከተረከቡ መጠበቅ የነሱ ነው፣ የተሰበረ በርም የነሱ ነው አለችን። ግን እናትየዋ አምናለች ካሉ ጥፋቱን ወደሷ ይገፉታል። ትኬቱ ጀርባ ላይ፣ ጉንዳን የጻፈው በሚመስል ፊደል፣ ዓመት ሳይሞላ ካልከሰሳችሁ አንሰማም የሚል ስላለም ቶሎ በሉ አለችን፤ ከሰስንም።

እኔን ግን የያዘኝ አንድ ቃል ነው፤ «በምስክሮች ፊት»። የምን ምስክር? እማዬ እንደዚያ ስትል የሰማኋት ለቅሶው ላይ ነው። ሶ ከለቅሶው ቤት አንድ ሰው ወሬውን ወስዶ ሸጦብናል ማለት ነው! የመጣውን ሰው ሁሉ በዓይነ ሕሊናዬ እያስቆምኩ ፈተሽኩ። እትዬ በቀለች የመርከብ ሠራተኞች የሚያድሩበት ሆቴል ታጸዳለች፤ ጠረጠርኩ። የቸርቹ አቶ ግርማ «ክሱን ተዉትና ለጌታ ስጡት» ብለዋል፤ በጣም ጠረጠርኩ። ጋሽ ታደሰ ደግሞ ክራባት ያስራሉ፣ ጓደኞቻቸው ፈረንጆች ናቸው፣ ደሴ ላለችው አያታችን ለመላክ ብለው ለቅሶውን በሙሉ በቪዲዮ ቀርጸዋል፤ ከዚያ ወዲህ ቤታችን ድርሽ ብለው አያውቁም። እሳቸውንማ ፈረድኩባቸው።

ወጥመድ አጠመድኩ። ለእትዬ በቀለች በጆሮዋ «እማዬ አርግዛለች» አልኳት። ለአቶ ግርማ «የመርከቡ ካፒቴን ቤታችን መጥቶ እግራችን ላይ ወድቆ አለቀሰ» አልኳቸው። ለጋሽ ታደሰ ስልክ ደውዬ «አባዬ ሁሉን ትቶ አገሩ ሊገባ ነው» አልኳቸው። የትኛው ውሸት ከድርጅቱ ደብዳቤ ውስጥ እንደሚወጣ ቁጭ ብዬ ጠበቅሁ። ብልጥ ነኝ አይደል? ድርጅቱ ምንም አላለም። እሑድ ዕለት ግን ከደሴ ስልክ ተደወለ። አያታችን እማማ የሺ ናት፣ እየጮኸች፤ «ልጄ ማርያም በሽልም ታውጣሽ! ካፒቴኑንስ ምሳ አበላችሁት? ባልሽን መቼ እንቀበለው?»

ሦስቱም ውሸቶቼ ደሴ ገብተዋል!

እማዬ ስልኩን ቀስ ብላ አስቀመጠችው። ዞራ አየችኝ። ማን እንደሆነ መቼ ይጠፋታል? ነጠላ ጫማዋን አወለቀችና ከሶፋው ተነሳች። ተነሳች እኮ ነው የምልሽ! ጠረጴዛውን እየዞረች አባረረችኝ። መሮጥ እችል ነበር፤ ደረሰችብኝ በይው። ስትጨርስ ግን ተመልሳ እዚያው ቁጭ አለች፣ ጋቢዋንም ተከናነበች።

ከዚያ በአውቶቡስ ሬድመንድ ሄድኩ። ጋሽ ታደሰ በሩን ሲከፍቱ ገና ሰላም ሳልላቸው «የለቅሶውን ካሴት ለማን ሰጡት?» አልኳቸው። ገቡና መሳቢያ ከፍተው አወጡት። አልላኩትም። አላዩትምም። «ይዣት የሄድኩት እኔ ነኝ» አሉኝ። «እናትህን በየትኛው ዓይኔ ልያት?» አክስቴ አልማዝ ከማድ ቤት «ልጁን ምሳ አብላው እንጂ!» ትላለች። እኔ ግን አላመንኳቸውም። ካሴቱን ተቀብዬ ምሳ ሳልበላ ወጣሁ። ዶሮ ነበር፣ እንድታዝኚልኝ ነው።

ጠበቃዋ ቢሮ ይዤው ስገባ መሳቂያ ሆንኩ። ከድርጅቱ ወረቀት መጥቶላት ምስክሮቹን አውቃቸዋለች። የመርከቡ ነርስና አንድ መኮንን ናቸው። እማዬ በዚያው ዕለት፣ እዚያው መርከቡ ላይ፣ እጃቸውን ይዛ በራሷ እንግሊዝኛ «እኔ ገደልኳት» ስትል ሰምተዋታል። ያ ሁሉ ጥርጣሬዬ፣ ያ ሁሉ ተንኮሌ፣ ያ ነጠላ ጫማ በከንቱ! «ታዲያ ይኼ ካሴት ምን ያደርግልኛል?» አለችኝ ጠበቃዋ። እንጃ አልኳት። ከመጣህ አይቀር ብላ ከተተችው።

መጀመሪያ እማዬ ደረቷን እየመታች መጣች። «ምን አለች?» አለችኝ ጠበቃዋ። «እኔ ነኝ የገደልኩሽ» አልኳት። ጠበቃዋ ዓይኗን ጨፈነች። ቀጥሎ አባዬ መጣ። ይኼስ ምን ይላል? «እኔ ነኝ የገደልኩሽ፣ ሂጂ ብዬ።» መርከቡ ላይ ነበር እንዴ? «ታክሲ ላይ ነበር።» ከረሜላዋን ማላመጥ አቆመች። ቀጥሎ እትዬ በቀለች ነጠላዋን አዘቅዝቃ መጣች፤ «እኔ ነኝ የገደልኩሽ፣ የጉዞ ቀሚስ የገዛሁልሽ።» አቶ ግርማ፣ ያ ሁሉ ጥቅስ የሚያውቁት ሰውዬ፤ «እኔ ነኝ የገደልኩሽ፣ ጉዞሽን የባረክሁ።» ከካሜራው ጀርባ ደግሞ፣ ምስላቸው ሳይታይ፣ የጋሽ ታደሰ ድምፅ «እኔ ነኝ፣ እኔ ነኝ» ይላል፤ ካሜራውም አብሮ ይንቀጠቀጣል።

ጠበቃዋ አስቆመችው። «ይኼ ሁሉ ሰው ገዳይ ነው?» አለችኝ።

«አይ፣ እንዲህ ነው የሚለቀሰው» አልኳት። «የወደደ ሰው ሲያለቅስ እንዲህ ይላል።» እስከዚያች ደቂቃ እኔም አስቤው አላውቅም ነበር። ከልጅነታችን ጀምሮ እየሰማነው ማን ይጠይቃል?

መልሳ ስትከፍተው ከግድግዳው ጋር ራሱን የሚያጋጭ ቀጭን ልጅ ታየ። ይኼስ ማነው አለች። እኔ ለሰው ሁሉ አላለቀስኩም ብዬ ነበር፤ አምኜውም ነበር። ምን ይላል አለችኝ። «ያው ሌሎቹ የሚሉትን ነው» አልኳትና ውኃ ልጠጣ ወጣሁ።

ከድርጅቱ ጠበቆች ጋር የተቀመጥን ዕለት እማዬን አባዬ ጎትቶ አመጣት። አስተርጓሚው በሕግ ቃለ መሐላ የፈጸመ፣ አማርኛው ትግርኛ የሚሸት፣ ሳቅ የማያውቅ ሰው ነው። እሱንም ጠረጠርኩ፤ ልማድ ሆኖብኝ። ቴሌቪዥኑ ተከፈተ። እያንዳንዱ ሰው ሲመጣ የኛ ጠበቃ «ማነው? ያን ዕለት የት ነበር? ምን አለ?» ትላለች። አስተርጓሚው «እኔ ነኝ የገደልኩሽ» እያለ ይተረጉማል፤ እየቆየ ድምፁ ወረደ። የነሱ ወጣት ጠበቃ መጀመሪያ ይጽፍ ነበር፤ በኋላ እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

እማዬ ካሴቱን አይታው አታውቅም። ለቅሶው ላይም ከራሷ በቀር የሰማችው ሰው የለም። አገጯን ደግፋ አንድ በአንድ ስታይ ቆየች። ካሴቱ መጨረሻ ላይ አባዬ ስልኩን ከፍ አድርጎ ይይዛል፣ እማማ የሺ ከደሴ ትጮኻለች፤ «እኔ ነኝ የገደልኩሽ፣ አሜሪካ እንድትገቡ ስለት የገባሁ!»

እማዬ ቀና አለች። «እሷ ደግሞ ምን አገባት?» አለች።

አስተርጓሚው የተባለውን ሁሉ መተርጎም አለበትና ይኼንንም ተረጎመው። የኛ ጠበቃ ሳቀች። አባዬ ሳቀ። የነሱ ወጣት ጠበቃ እንኳ አፉን በእጁ ሸፈነ። እማዬ ግን አልሳቀችም። ሁሉንም ዞራ አየችና በቀስታ እንዲህ አለች፦ «ታዲያ እኔስ ምን አገባኝ? እኔ ልጄን እጇን ይዤ ወስጄ ለጠባቂዋ አስረከብኩ። እሺ ብላ ተቀበለችኝ። ያንን በር በፎጣ ያሰረው ማነው?»

ተተረጎመ። የነሱ ጠበቆች ወረቀታቸውን ገለጡ። ደግማ ጠየቀች፣ ሶሲ፣ ጠረጴዛውን መታ አድርጋ፤ «ማነው ያሰረው?»

በመጨረሻ ስለ እማዬ የጻፉትን መስመር ሰረዙት። ጠበቃዋ የበሩም የልጆቹ ክፍልም ጥፋት በነሱ ላይ ነው የሚቀረው፣ የተረፈው የጊዜ ጉዳይ ብቻ ነው ትላለች። እኔ ግን ተፈርሞ እስካይ አላምንም። ፈገግ ብለው ነው የወጡት፤ ክራባት ያሰረ ሰው ፈገግ ሲል ደስ አይለኝም። ጋሽ ታደሰን ግን ይቅርታ ጠይቄያቸዋለሁ፤ ዶሮውንም በልቻለሁ። ካሴቱን ደሴ ልከውታል።

እማዬ ሶፋውን ለቃለች። ታለቅሳለች፣ ግን «ገደልኩሽ» አትልም። ባለፈው ቅዳሜ አብረን እትዬ በቀለች ዘንድ ሄድን። በመዋኛው በኩል ስናልፍ እጄን ከመዘርጋቴ በፊት እሷ ቀደመችኝ። ገፋችው። ተከፈተ። ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ አጣፍታ ያንን ጥበቃ እየጮኸች በአማርኛ ስትጠራው ሰውየው ሮጦ መጥቶ በቁልፍ ዘጋው። ቆማ እስኪዘጋ አየች። ከዚያ ራሷ ገፍታ ሞከረችው።

ሶ የኔ ጥርሰ ወላቃ፣ እኔ መቃብርሽ ላይ አበባ የምደረድር ሰው አይደለሁም፤ ብደረድርም ትስቂብኛለሽ። ግን በሄድኩበት አገር፣ ሽማግሌ ሆኜ ምርኩዝ ብይዝ እንኳ፣ ውኃ ያለበት ግቢ በር ሳልገፋ አላልፍም። ክፍት ካገኘሁ እስኪዘጋ እጮሃለሁ፤ ለምን ትጮሃለህ ሲሉኝ ስምሽን እነግራቸዋለሁ። ጥርሶችሽ ሲበቅሉ ልጠራሽ ያዘጋጀሁትን ያንን ሌላውን ስም ግን ለማንም ልጅ አላወጣውም። ያንቺ ነው።

ስልኩን ጆሮው ላይ የዘጋሽበት
ወንድምሽ