የበርሜሉ ምድጃና የሰናይት ጣት

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 4 ቀን 1997

አጥሩን ሳይሠራ ምድጃውን አመጣው። በያጁን ማለቴ ነው። «የብረት አጥሩ ዓርብ ይደርሳል» አለኝና ጭስ ማውጫውን በግድግዳው ቀዳዳ አሹልኮ፣ ዙሪያውን በጭቃ መርጎ ሄደ። አምስት ሕፃናት በሚውሉበት ቤት አጥር የሌለው እሳት። እሱ ምን ገዶት፣ ልጅ የለው።

ምድጃው ግን ምድጃ ነው። ግማሽ በርሜል፣ አራት እግር፣ ከፊቱ መቀርቀሪያ ያላት ትንሽ በር። እስከ ትናንት ገንፏቸውን የማበስለው በሦስት ጉልቻ ነበር፤ ቤቱ በጭስ ታፍኖ ልጆቹ ሲያስሉ ይውላሉ። የናሆም እናት፣ መምህርት ብርቱካን፣ ባለፈው ሳምንት «እትዬ ዝማም፣ ይህ ጭስ ካልቆመ ልጄን ሌላ ቦታ አውለዋለሁ» ብላ ፊት ለፊት ነገረችኝ። እሷ ከሄደች የሌሎቹ ሁለት አስተማሪዎች ልጆችም ይከተላሉ፣ የባለ ሱቁም ልጅ ይከተላል። የምትቀረኝ ሰናይት ብቻ ናት፣ የጽዳት ሠራተኛዋ የወርቄ ልጅ። በእሷ ብቻ ቤት አይቆምም።

ሁለት ደብተር አለኝ። አንዱን ብርቱካን ናት የሰጠችኝ፣ ልጆቹ ምን እንደበሉ፣ ስንት ሰዓት እንደተኙ እንድጽፍበት። ይህኛው የራሴ ነው። ሕጉን በሁለቱም ጻፍኩት።

በምድጃው ዙሪያ በኖራ መስመር ይሰመር፤ ልጅ አያልፍም።
አንድ ባልዲ ውኃ፣ አንድ ቆርቆሮ አሸዋ ከአጠገቡ አይጥፋ።
እርጥብ እንጨት አይገባም። መስኮቱ ገርበብ ይበል።
አመድ ሳይበርድ አይዛቅም።
እሳት ሊጭር የመጣ ጎረቤት ከደጅ ይቀበል እንጂ ቤት አይግባ።

የመጨረሻው ሊያጣላኝ ነው። ያጣላኝ።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 5

ዛሬ ጣት አስነካኋቸው።

እናቴ ወደዚህ ሳንመጣ፣ ጋዝጊብላ ሳለን ለእኔም ለወንድሞቼም ያደረገችው ነው፤ እሷንም እናቷ እንዲሁ። እሳቱ ገና እንደተያያዘ፣ በርሜሉ በደንብ ሳይግል፣ የልጁን አንጓ ጠበቅ አድርጎ መያዝ፣ ጠቋሚ ጣቱን ብቻ ዘርግቶ ጎኑን ማስነካት። አንድ ጊዜ «እፉ» እስኪባል ድረስ ነው። ከዚያ ወዲያው ውኃ ውስጥ። ሺህ ጊዜ አትንኩ ከማለት ይሻላል።

የባለ ሱቁ ልጅ ገና ሳይነካ ጮኸ። የአስተማሪዎቹ ልጆች አለቀሱ፣ በቆሎ ቆሎ ስሰጣቸው ተዉት። ሰናይት አላለቀሰችም። አምስት ዓመቷ ነው። ዓይን ዓይኔን እያየች ቆየችና «አሁን ጎበዝ ነኝ?» አለችኝ። ጎበዝ ነሽ አልኳት።

«ናሆምስ?» አለች።

ናሆም ዓመት እንኳ አልሞላውም፣ ይድሃል። «እሱ ገና አልተማረም» አልኳት።

በብርቱካን ደብተር ላይ የጻፍኩት «ልጆቹ ስለ እሳት ተመከሩ» የሚል ነው።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 6

ሠራ! ኳሳቸው ተንከባልሎ ከኖራው መስመር ውስጥ ገባ፤ አራቱም ዳር ዳሩን ቆመው ያዩታል፣ አንድም የሚያነሳ የለም። እኔው አነሳሁት። ሳል የለም፣ ጭስ የለም፣ ውጭ ውርጭ ሲጋረፍ እነሱ በሸሚዝ ይጫወታሉ። ልጄ ጅዳ የሰው ልጅ ታሳድጋለች፤ በስልክ ስታወራኝ የዚያ ቤት እሳት ቁልፍ እየተጫኑ የሚያበሩት ነው ትላለች። እኔም በአቅሜ።

ወርቄ ሰናይትን ልትወስድ ስትመጣ እጄን ልትስም ምንም አልቀራት። «ትናንት ቤት ስንገባ ከእሳቱ ሸሽታ ተቀመጠች፣ በምን አሠለጠንሻት?» አለች። ነገርኳት። ደስ አላት። እኔም ደስ አለኝ፣ ለምን እዋሻለሁ።

እማማ ትርንጎ ግን ተቀየሙ። ጎረቤቴ ናቸው፣ ጠዋት ጠዋት በገል እሳት ይጭራሉ፣ ከእናቴ ዘመን ጀምሮ። በሩ ላይ አቁሜ «እዚሁ ይጠብቁኝ፣ አወጣልዎታለሁ» አልኳቸው።

«ሌባ ነኝ?» አሉ።

«ልጆች አሉ፣ እማማ። ፍም ቢወድቅስ?»

«እናትሽ ደጅ አቁማኝ አታውቅም» አሉና በአገውኛ አጉረመረሙ። የባለ ሱቁ ልጅ ደግሞ ሮጦ ሄዶ ጣቱን አሳያቸው፣ እትዬ አስተማረችን እያለ። ጣቱን አገላብጠው አዩት፣ ከዚያ እኔን አዩኝ። ፍማቸውን ይዘው ሄዱ።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 7

ናሆም ተቃጠለ።

ሦስት ሰዓት ግድም ነው። እማማ ትርንጎ የእሳት መጫሪያ ገሉን ይዘው መጡ። ፍሙን አውጥቼ ሰጠኋቸው። በዚያ ይበቃ ነበር። እሳቸው «ውሻ እንኳ ደጅ ቆሞ አይሰጠውም» አሉ፣ እኔ መለስኩ፣ እሳቸው መለሱ። የመጨረሻውን ቃል እኔ ካልተናገርኩ አይሆንልኝም፤ ይህ ጠባዬ ነው። ጀርባዬን ለልጆቹ ሰጥቼ ስንት እንደቆየሁ አላውቅም።

ጩኸቱን ስሰማ መጀመሪያ የተጣሉ መስሎኝ ነበር።

ሰናይት ናሆምን አዝላ ሳይሆን ብብቱን ይዛ እየጎተተች ከመስመሩ አሳልፋ ምድጃው ሥር አስቀምጣዋለች። አንጓውን በሁለት እጇ ጥርቅም አድርጋ ይዛ፣ መዳፉን ሙሉውን በርሜሉ ላይ አስደግፋዋለች። እሱ ይስባል፣ እሷ ትይዛለች። ልክ እኔ እንደያዝኳት። «እፉ… እፉ… እፉ» ትለዋለች፣ ቀስ ብላ፣ እንዲገባው። በርሜሉ ደግሞ የማክሰኞው አልነበረም፣ ሙሉ ማገዶ በልቶ ግሎ ነበር።

ነጥቄ ባልዲው ውስጥ ከተትኩት። ሰናይት አጠገቤ ቆማ «እትዬ፣ አስተማርኩት፣ አሁን ያውቃል» አለችኝ። ፊቷ ላይ ያየሁት ያ የማክሰኞው ነው፣ ጎበዝ ነሽ እንድላት የምትጠብቅበት።

በጥፊ መታኋት። ወደቀች። ከመስመሩ ውስጥ እንዳትወድቅ ብላ ስትወድቅ እንኳ ወደ ውጭ ነው የወደቀችው።

እማማ ትርንጎ ማር እንቀባው አሉ፣ እምቢ ብዬ ይዤው ወደ ጤና ጣቢያ ሮጥኩ፤ ልጆቹን ለእሳቸው ጥዬ። ድሬሰሩ እያንዳንዷን ጣት ለየብቻ በፋሻ ጠቀለለ፤ እንዲህ ካልተደረገ ተጣብቀው ይቀራሉ አለ። እጁ እንደ ልብ ይዘረጋ አይዘረጋ እንደሆነ ቆይቶ ነው የሚታወቀው።

ብርቱካን ከትምህርት ቤት ጠመኔ እጇ ላይ እንዳለ መጣች። ልጇን ተቀበለችኝ። «ማን ነው?» አለች፣ ድምፅዋ ዝግ ብሎ።

«ሰናይት ናት» አልኩ። «ዓይኔን ነቀል ሳደርግ።»

ውሸት አልተናገርኩም። ሌላውን ነው ያልተናገርኩት። በእሷ ደብተር ላይም ያንኑ ጻፍኩ።

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 8

አጥሩ መጣ። ዓርብ ብሎ ዓርብ አመጣው። ወገቤ ድረስ ይደርሳል፣ ዘንጎቹ የሕፃን እጅ አያሳልፉም፣ በሩ በሽቦ ይታሰራል። በጣም ጥሩ ሥራ ነው። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ናሆም አልመጣም። ሰናይት መጣች፣ ዓይኗ አብጦ ተደፍኗል። ወርቄ «በርበሬ አጠንኳት፣ ከእንግዲህ አትደግማትም» አለችኝ። አጉል የሠራችውን ዕቃ ጠግና እንደመለሰች ነው የተናገረችው። የልጅቷን ፊት እሳት ላይ በተነሰነሰ በርበሬ ጭስ ላይ ይዛ ማለት ነው። ከሐሙስ በፊት ወርቄ ልጇን በቁጣ እንኳ ስታናግር ሰምቼ አላውቅም።

አፌን ከፈትኩ። «እንኳን ደህና መጣሽ ሰናይት» አልኩና ዘጋሁት።

ልጆቹ አቃጣይዋ ይሏታል። ከማን ሰሙት? ከእናቶቻቸው። ቀኑን ሙሉ ጥግ ላይ ተቀመጠች፣ አጥሩ ከቆመ በኋላ እንኳ ከኖራው መስመር ራቅ ብላ። ገንፎ ሰጠኋት፣ ተፋች፤ ጉሮሮዋም ተቃጥሏል።

እማማ ትርንጎ ገል ሳይዙ መጡ። «ይቺን ልጅ ማን አስተማራት?» አሉኝ፣ ሌላ ሰላምታ የለም።

«እርስዎ በር ላይ ባያቆሙኝ ይህ አይሆንም ነበር» አልኩ።

አዩኝ። «እሺ፣ እኔ ልሁን» ብለው ሄዱ። እኒያን ባልቴት! እኔ ክፉ ሴት ነኝ። እዚህ ልጻፈው፣ ሌላ የምናገርበት የለኝም።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 9

ብርቱካን ቤት ሄድኩ። ነገርኳት፣ ሁሉንም። ማክሰኞ ምን እንዳደረግሁ፣ አንጓ እንዴት እንደሚያዝ፣ ልጅቷ ከእኔ እንዳየችው፣ ናሆም አልተማረም ያልኳት እኔ እንደሆንኩ። ሊወጣልኝ ነው ብዬ ነበር። ልትሰድበኝ፣ ልትከሰኝ፣ ልታባርረኝ ተዘጋጅቼ ነው የሄድኩ።

ናሆም አልጋው ላይ ተኝቷል፣ እጁ ነጭ ኳስ መስሎ።

ብርቱካን የራሷን ጠቋሚ ጣት አየችው። «እኛንም እናታችን እንዲሁ ነበር» አለች። «ማንም በዚያ ተቃጥሎ አያውቅም። አንቺ ለአንድ አፍታ ነው ያስነካሽ። እሷ ግን ይዛው ነው የቆየች፣ እየጮኸ። ይህ ትምህርት አይደለም እትዬ፣ ይህ ክፋት ነው። ልጅቷ ክፉ ናት።»

«አምስት ዓመቷ ነው» አልኩ።

«ሰኞ እዚያ ካለች ናሆም አይመጣም። የሌሎቹም እናቶች እንዲህ ነው የሚሉ፣ ተነጋግረናል።»

ይቅር ተባልኩ ማለት ነው። እንዲህ ዓይነት ይቅርታ አላውቅም።

እሑድ፣ ታኅሣሥ 10

ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ፣ ከቅጥሩ ውጭ ቆሜ ተመለስኩ።

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 11

አባረርኳት።

በጠዋት መጡ፣ ወርቄ መጥረጊያዋን እንደያዘች። ደጅ ላይ አቆምኳቸው፤ አሁን ሁሉንም ሰው ደጅ ላይ ነው የማቆመው። ሌሎቹ እናቶች እንዲህ ብለዋል፣ እኔ ምን ላድርግ፣ እንጀራዬ ነው አልኩ። ጥፋቱ የእኔ እንደሆነም ነገርኳት። አልሰማችኝም፣ ወይ ሰምታ ምን ይረባኛል ብላ ነው።

«ሥራ ብቀር ያስወጡኛል» አለች ወርቄ። ትንሽ አሰበች። «ቤት ትዋል። እቆልፍባታለሁ።»

«እሳቱስ?»

«ዳፍኜ ነው የምወጣ። ደግሞ አንቺ አስተምረሻት የለ? አትነካም።»

ሰናይት «ደህና ዋይ እትዬ» አለችኝ፣ ማንም ሳይላት።

ከጥቂት በኋላ ናሆም መጣ። ድሬሰሩ ጣቶቹ ይንቀሳቀሳሉ፣ ይድናል ብሏል። ተመስገን። ገንፎ ላጎርሰው ደህናውን እጁን ስይዘው ጭብጥ አድርጎ ወደ ጉያው ሸጎጠው። ምድጃውን ሳይሆን እኔን ነው የሚፈራ።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 12

ሌሊቱን የወርቄ «ዳፍኜ ነው የምወጣ» ሲመላለስብኝ አደረ። ረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ እማማ ትርንጎን ለመንኳቸው። «ለጥቂት ጊዜ ልጆቹን ይያዙልኝ፣ ስለ ሚካኤል።» ስለ ዓርቡ ይቅርታ ልጠይቅ ስጀምር «ሂጂ» አሉኝ። ገብተው ከአጥሩ ፊት ተቀመጡ።

የወርቄ ቤት ከገበያው በላይ ነው፣ አንድ ክፍል። በሩ ላይ ጓጉንቸር። «ሰናይት» አልኩ።

«አቤት።»

«የት ነሽ?»

«ከመስመሩ ወዲህ» አለችኝ።

በበሩ ስንጥቅ አየሁ። ግድግዳውን ተደግፋ እግሯን ሰብስባ ተቀምጣለች። በጉልቻው ዙሪያ መስመር አስምራለች፣ ክብ፣ ከእኔም የተስተካከለ። ግራጫ ነው።

«በምን አሰመርሽው?»

«በአመድ። ሳይበርድ አልዛቅሁም፣ ቀስ ብዬ ከላይ ከላይ ነው።»

እናቷ እሳቱን የዳፈነችበትን አመድ ነው። ከላዩ ገፋ ሁሉንም ለመስመሩ ጨርሳዋለች፤ ፍሙ ባዶውን ቀርቶ ከጉልቻው መካከል ቀልቷል። ከጎኑ የመኝታው ገለባ አለ። እሷ ደግሞ ሕጉን እንደጠበቀች ነው የምታውቅ፣ እንደጠበቀችም ነው።

«ወደ በሩ ነይ፣ እዚሁ በሩ ሥር ቁጭ በይ» አልኳት። ድንጋይ አነሳሁ። ሦስት ጊዜ ስመታው ጓጉንቸሩ አልተነቃነቀም፤ በአራተኛው ማጠፊያው ከእንጨቱ ተነቀለ። ሰዎች ወጥተው ያዩኛል፣ ይዩኝ። ገብቼ ፍሙን በእንስራዋ ውኃ አጠፋሁት፣ ቤቱ በእንፋሎት ተሞላ።

ከዚያ እጄን ወደ ሰናይት ዘረጋሁ፣ ልወስዳት። ዓይኗን ጨፈነች። ጠቋሚ ጣቷን ብቻ ለይታ፣ ቀጥ አድርጋ ሰጠችኝ።

ወስጄ ቤቴ አስገባኋት። አሥራ አንድ ሰዓት ብርቱካን መጥታ በር ላይ ስትደርስ ሰናይት እማማ ትርንጎ ጉያ ውስጥ ተኝታ ነበር። ብርቱካን ናሆምን አነሳች፣ ደብተሯንም ከመደርደሪያው ወሰደች። ከእሷ በኋላ የመጡት እናቶችም ሰናይትን አዩ። ወርቄ ከጎረቤቶቿ ሰምታ፣ መጥታ ወሰደቻት።

ነገ ማን እንደሚመጣ አላውቅም። ለስንት ልጅ ገንፎ እንደማገነፋም አላውቅም። ሰናይት ግን ትመጣለች፤ የእናቷን ጓጉንቸር ሰብሬዋለሁ፣ ሌላ የምትውልበት የላትም።