የለም ከተባለው ቤት

ሀዋሳ፣ ኅዳር 2001 ዓ.ም.

ለተከበሩ አቶ ወልደአማኑኤል፣
የሰፈራችን የግንባታ ፈቃድ ሹም

ክቡርነትዎ እንደምን ሰነበቱ? ጤናዎ፣ ቤተሰብዎ፣ ያቺም አዲሷ ተሽከርካሪ የቢሮ ወንበርዎ ደህና ናቸው? እኔ የመኖሬ ማስረጃ ባይኖረኝም፣ አምላክ ይመስገን፣ ደህና ነኝ። ይህን ደብዳቤ ፒያሳ በአቶ ጠሀ ሱቅ መስኮት ላይ የለጠፍኩት እርስዎን ለማሳጣት አይደለም፤ ቢሮዎ በመጣሁ ቁጥር ስብሰባ ላይ ናቸው ስለምባል፣ ስኳር ሊገዙ ግን ወደ ሱቁ ብቅ እንደሚሉ ስለማውቅ ነው።

ከሁሉ አስቀድሜ በስተርጅናዬ ውጭ አገር ስላስገቡኝ አመሰግናለሁ። ከበረዶ አገር የመጣው ሚስተር ላርስ በሐይቃችን ዳር የእንግዳ ማረፊያና መኖሪያ ቤት እንዲሠራ ቦታ ሲመሩት፣ እኔ ልጆቼን ያሳደግኩበትን የደጄን መንገድ ባዶ መሬት ነው ብለው መረቁለት። ይኸው ዛሬ በሦስት ወገን ግንብ፣ በአራተኛው ሐይቁ ከቦኛል። ሰው ውጭ አገር ለመግባት ስንት ይንገላታል፤ እኔ ግን ከአልጋዬ ሳልወርድ ውጭ አገሩ ራሱ መጥቶ ከበበኝ።

ጎረቤቴን አልከስም። ቁምጣውን ለብሶ አሸዋ ላይ ተዘርግቶ ይውላል፣ ይዋኛል፣ ከአሣ አጥማጆቹ ጋር በምልክት ይከራከራል። በቀትር ፀሐይ የሚሞቅ ጤነኛ ሰው አይቼ ስለማላውቅ መጀመሪያ የታመመ መስሎኝ ምሕረት ለምኜለታለሁ።

አቤቱታዬ እንደሚከተለው ነው።

1ኛ. ስለተዉልኝ መተላለፊያ። በእሱ ግንብና ከጎናችን ባለው መጋዘን ግንብ መሐል ባለችው ስንጥቅ በጎናችን ሆነን እናልፋለን። ከገበያ ስመለስ ጎመኑ ቀድሞኝ ይገባል፣ እኔ እከተለዋለሁ። በዚህ ዕድሜዬ እንዳልወፍር ማሰብዎ ልቤን ነክቶታል።

2ኛ. ስለላኩልኝ ቀያሽ። ሰውዬው ደልደል ያሉ በመሆናቸው ስንጥቋ መሐል ቢቀረቀሩ በስንት መከራ ጎትተን አወጣናቸው፤ ቢሮ ተመልሰውም “በስፍራው ቤት አልተገኘም” ብለው ጻፉ። ከዚያ ወዲህ ለሌለ ቤት መንገድ አይሰጥም እየተባልኩ እመለሳለሁ። የሚገርመኝ፣ ለስብሰባ የሚጠራኝ መልእክተኛዎ ይህንኑ የሌለ ቤት አንድም ቀን ስቶት አያውቅም።

3ኛ. ስለ ሞቴ። ሚስተር ላርስ መሰላል ሰጥቶኝ ጉልበቴ በፈቀደ ቀን ግንቡን ተሻግሬ በእሱ ግቢ እወጣለሁ። ሬሳ ግን መሰላል አይወጣም። ይህ ያሳሰባቸው የእድራችን ዳኛ አቶ ጠሀ፣ ሞት ሳይቀድመን እንሞክረው ብለው ባለፈው እሑድ ቃሬዛ አስመጡ። ባዶው ቀለለብን፤ ክብደት ያስፈልገዋል ብዬ እኔው ተጋደምኩበት፣ ጋቢዬንም ፊቴ ላይ ጣል አደረግኩ። ተሸካሚዎቹ አዘንብለውኝ በስንጥቋ ውስጥ ጥቂት እንደሄዱ መታጠፊያዋ ላይ ተሰነቀርን፤ ወደፊትም የለ፣ ወደኋላም የለ። ሚስተር ላርስ ከበረንዳው አይቶን ኖሮ በቁምጣው ሮጦ መጣና መሰላሉ ላይ ወጥቶ ያለቅስልኝ ጀመር። ጋቢውን ገልጬ እንደምን ዋልክ ስለው ከመሰላሉ ሊወድቅ ነበር።

ነገሩን በብዙ ምልክት ስናስረዳው እንዲህ አለ፦ “አባባ፣ እኔ ግንብ ማፍረስ ይፈልጋል፣ በር መሥራት ይፈልጋል። ቢሮ፣ ግንብ ከነካህ ፈቃድ የለም አለኝ።”

ለካስ ቤት ሠራሁ ያለውም ታስሯል። እኔ ከውስጥ፣ እሱ ከውጭ አንድ ግንብ እንጠብቃለን። እውነቱን ልንገርዎ፣ እዚያ ተሰንቅሬ ሰማይዋን በመቀነት ስፋት ሳያት ቀልዱ ሁሉ ጠፋብኝ። በቁሜ በጎኔ የማልፍበትን በሞቴ እንደማላልፍበት ያን ጊዜ ገባኝ።

4ኛ ነበረኝ፤ ቃሬዛው ላይ ረሳሁት።

የምለምንዎ አንዲት በር ናት። ሠሪው አለ፣ ፈራሹም ግንብ አለ፤ የጎደለው የእርስዎ “ይሁን” ብቻ ነው።

ፈጣሪ ዕድሜዎን ያርዝመው፣ የሚሄዱበትን ሁሉ ሰፊ ያድርግልዎ፣ ከወንበርዎ በተነሡ ቀንም እርስዎን የመሰለ ሹም አይግጠምዎ።

ከሰፊ አክብሮትና ከጠባብ መተላለፊያ ጋር፣
ደምሴ፣
የሌለው ቤት አባወራ

ግልባጭ፦
ለእድራችን
ለሚስተር ላርስ (የልጅ ልጄ ሩሀማ ታነብለታለች)

ድኅረ ጽሑፍ፦ በእድራችን ደንብ የለቅሶ ድንኳን የሚተከለው በሟች ደጅ ነው። እርስዎ ቤት የለውም ስላሉ፣ የእኔው ድንኳን በቢሮዎ ደጅ እንዲተከል ጉባኤው በአንድ ድምፅ ወስኗል። አቶ ጠሀም ሄደው ቦታውን አይተው፣ ሰፊ ነው፣ ቃሬዛ እንኳ እንደልብ ይዞርበታል ብለዋል። ላስቸኩልዎ አይደለም፤ ብቻ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ትንሽ ትንሽ ያስለኛል።