ከካርታው የጠፋነው በማን እጅ ነው?

ይድረስ ለታናሽ ወንድሜ ለራስሚ፣

እንደምን ሰነበትህ? ጤናህ እንዴት ነው? ያ ብርድ በገባ ቁጥር የሚነሳብህ ሳል ተወህ ወይስ የለንደን አየር አባሰብህ? ባለቤትህ ሄለንስ እንዴት ናት? ትንሿ ልጅህስ አደገች? የፊት ጥርሷ ወለቀ ብለህ በገና ካርድህ ላይ ጽፈህልኝ ነበር፤ እስካሁን አዲሱ በቅሎላት ይሆናል። እኛ ሁላችንም በሕይወት አለን። አባባ ጉልበታቸውን እያመማቸውም ቢሆን ይንቀሳቀሳሉ፣ ምግብም አልዘጋቸውም። እኔም ከናፍቆትህና ከጥርጣሬዬ በስተቀር ደህና ነኝ። ናፍቆቱን ታውቀዋለህ፤ ዛሬ ብዕር ያነሳሁት በጥርጣሬው ምክንያት ነው።

ለምን ስልክ አልደወለችም ትል ይሆናል። ስልኩ ዛሬም ያው ከአባባ ወንበር አጠገብ ነው፤ እሳቸው ደግሞ ከዚያ ወንበር የሚነሱት ለላሞቹ ብቻ ነው። ይህንን ደብዳቤ ጊርዚ ሱቅም አልወስደውም። ሱቁንም ፖስታውንም አንድ ላይ ይዛ ስንት ዓመቷ ነው፤ የገና ካርድህ እጄ ሲገባ ማሸጊያው ረጥቦ የደረቀ ይመስል ነበር። ሃኮን በጀልባው ይዞት ሄዶ ለርዊክ ከተማ ፖስታ ሳጥን ውስጥ ይጨምርልኛል። ሃኮንንም ቢሆን አላምነውም፤ ግን ያለ መነጽር ማንበብ አይችልም፣ መነጽሩ ደግሞ ከፋሲካ ወዲህ ጠፍቶበታል።

እንግዲህ ሳላዞር ልጠይቅህ። አዲሱን የአየር ሁኔታ ካርታ የሠራኸው አንተ ነህ?

እዚያ ቴሌቪዥን ጣቢያ ውስጥ ሥራህ ምን እንደሆነ አንድም ቀን አጥርተህ ነግረኸን አታውቅም። «ካርታ ከሚስሉት ጋር ነው የምሠራው» ብለህ አለፍከው። ያኔ ካርታ መሳል ማንን ይጎዳል ብዬ ዝም አልኩ። ከሜይ ወር ወዲህ ግን ዝም የሚያሰኝ አልሆነም።

በሜይ አንድ ቀን ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ሲሆን እንደወትሮው ሻያችንን ይዘን ለአየር ትንበያው ቴሌቪዥኑ ፊት ተቀመጥን። ካርታው ላይ አገሩ ተጋድሞ መጣ። ድሮ ግድግዳ ላይ እንደተሰቀለ ሥዕል ቀጥ ብሎ የሚቆመው አገር፣ አልጋ ላይ እንደተኛ ሰው እግሩን ወደ እኛ ዘርግቷል። ለንደንና ደቡቡ ከፊት ገዝፈዋል፤ ስኮትላንድ ወደ ኋላ ሸሽታ ቀጥናለች፤ እኛ ደግሞ ከሁሉም ኋላ የዳቦ ፍርፋሪ አክለናል። መሬቱ በሙሉ ቡናማ ነው። ያቺ ነጯ ደመና፣ ያቺ ቢጫዋ ፀሐይ፣ ሁለት ጠብታ የምታንጠባጥበዋ ጥቁሯ ደመና አንዳቸውም የሉም። በእነሱ ፋንታ ሰማያዊ ነገር በመሬቱ ላይ እየተንሳፈፈ ይሄዳል። አባባ ሻያቸውን አስቀምጠው «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው? የታረሰ ማሳ ነው?» አሉ።

በማግስቱ ጊርዚ ሱቅ ስገባ ሰው ሁሉ ተሰብስቦ ስለዚሁ ያወራል። «አንቺ ኦስላ፣ አየሽልኝ? ፍርፋሪ አደረጉን እኮ!» አለች ጊርዚ። ሃኮን ቀበል አድርጎ «ፍርፋሪው መች ከፋ! ትንበያውን የምትነግረን ሴትዮ እጇን ባነሳች ቁጥር ክርኗ የሚያርፈው እኛ ላይ ነው። እኔ ትናንት ያመሸሁት በሰው ሚስት ክርን ሥር ነው፣ ቤቴ እንዳይሰማ» አለ። ተሳቀ። የዚያን ቀን እኔም ከልቤ ሳቅሁ።

ነገሩ የመረረው በሳምንቱ ጭራሽ ስንጠፋ ነው። አባባ ይሄ የኛ አሮጌ ቴሌቪዥን ነው ብለው ጎኑን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉት፤ እኔ ግን ሮጬ ጎረቤት ገባሁ፣ እዚያም የለንም። በማግስቱ ተመለስን። ከዚያ ደግሞ ጠፋን። ሳምንት እንኖራለን፣ ሁለት ቀን እንጠፋለን። ስቴንሰይ የምትባል ደሴት ነበረች ተብሎ ሊቀር ነው አልን።

ጊርዚ ያን ጊዜ ያለችው እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም። «ትምህርት ቤታችን ሲዘጋ መጀመሪያ ምን ሆነ? ከስልክ ማውጫው ላይ ወጣ። ዓመት ሳይሞላው መጥተው ቁልፉን ወሰዱት። አሁን ደግሞ ደሴቷን ከካርታ ያወጧታል፤ ከዚያ ጀልባዋ ትቀራለች። የሌለ አገር ጀልባ ምን ያደርግለታል?» አለች። ጀልባዋ እንጀራው ነችና ሃኮን እንኳ ቀልድ አላወጣም።

ከዚያ ጊርዚ ወደ እኔ ዞረችና ድምጿን ማር አድርጋ «ራስሚ እንዴት ነው? አሁንም እዚያው ቴሌቪዥን ቤት ነው?» አለችኝ። ደህና ነው ብዬ ውልቅ አልኩ። በሩን ገና ሳልዘጋው ሃኮን «አባቱ መሬቱን ተረከብ ቢሉት እምቢ አለ፤ ይኸው አሁን መሬቱን ራሱን ደመሰሰላቸው!» ሲል ሰማሁት። ሱቁ በሳቅ ተናጋ። እኔም መንገድ ላይ ሳቄ አመለጠኝ፤ ከዚያ ተናደድኩ፤ ቤት ስደርስ ግን መጠርጠር ጀመርኩ።

ለምን እንደጠረጠርኩ ራስህ ታውቃለህ። አባባ መሬቱን ተረከብ ሲሉህ አንተ ለንደን ሥራ አግኝቻለሁ ያልክበትን ቀን አልረሳሁም። «ከዛሬ ጀምሮ ወንድ ልጅ የለኝም» አሉህ፤ አንተም ዞር ብለህ ሳታይ ጀልባ ላይ ወጣህ። ሰባት ዓመት ሆነ። በእነዚህ ሰባት ዓመታት ስምህ በዚህ ቤት ውስጥ አልተጠራም። ሰው ለሰባት ዓመት ቂም ይዞ አባቱን ከካርታ ላይ ያነሳል ወይ? አያነሳም እላለሁ። ከዚያ ደግሞ የአባባ ልጅ መሆንህ ትዝ ይለኛል።

ነገሩ ከቀልድ አልፎ ቤታችን የገባው በዚህ ወር መጀመሪያ፣ ሣሩ ለአጨዳ ሲደርስ ነው። የላይኛውና የታችኛው ማሳ ሣር የሁለቱ ላሞቻችን የብርድ ወራት ቀለብ መሆኑን መቼም አልረሳህም። ማክሰኞ ምሽት እንደገና ጠፋን። ሴትዮዋ ምን እንዳለች እኔን አትጠይቀኝ። ከሜይ ወዲህ እሷን የሚሰማ የለም፤ ገና ካርታው ብቅ ሲል እኔ እጮሃለሁ፣ ጎረቤት ይጮሃል፣ የሷ ድምፅ መሃል ላይ ይቀራል። አባባ ትንሽ አፍጥጠው አዩና ብድግ ብለው «ካርታው ላይ ከሌለን ዝናቡም የለንም!» አሉ። ወጥተው ማጭዳቸውን መሳል ጀመሩ። እልህ መሆኑን አውቄያለሁ። ግን ማን ደፍሮ ይናገራቸዋል?

ረቡዕ ጧት ሰማዩ ጠርቶ ነበር። እሳቸው በዚያ ጉልበታቸው እያጨዱ፣ እኔ ከኋላ እየበተንኩ፣ እኩለ ቀን ሳይሆን የላይኛውን ማሳ ጨረስን። ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ወረደ። ሦስት ቀን ሙሉ አላባራም። በአራተኛው ቀን ሣሩን በመንሽ ባነሳው ሥሩ ጠቁሯል፣ ሽታው አፍንጫ ይሰነፍጣል። ከዚያ ሁሉ ማሳ አንድ እቅፍ እንኳ አልተረፈም። አባባ አጥሩን ተደግፈው ብዙ ቆዩ። ቤት ሲገቡ «ሾልማ በኦክቶበር ጀልባ ለገበያ ትሄዳለች» ብቻ አሉኝ። ላማችን ሾልማ፣ እማማ ነፍሷን ይማርና በጡጦ ያሳደገቻት የዚያች ጥጃ ልጅ ናት። ሄጄ ጋጣው ውስጥ አለቀስኩ።

የዚያኑ ቅዳሜ ጊርዚ ለቴሌቪዥን ጣቢያው የሚላክ የአቤቱታ ወረቀት ይዛ አባባ ዘንድ መጣች። «ጋሽ ላውሪ፣ እርስዎ ይጀምሩልን። ከእርስዎ የበለጠ ማን ተጎዳ?» አለቻቸው። አባባ ወረቀቱን አንብበው መለሱላት። «ሣሬን ያጨድኩት በገዛ እጄ ነው» አሉና ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። እኔ ግን ፈረምኩ። አልዋሽህም። ስሜ ሰባተኛው መስመር ላይ ነው፤ ወረቀቱ ጠረጴዛህ ላይ ቢያርፍ አትደንግጥ። የጠፋንባቸውን ቀኖችም ማስረጃ ይሁን ብዬ ዘርዝሬ ሰጠኋት፤ በየጠፋንበት ቀን ወጥ ቤት ያለው ቀን መቁጠሪያ ላይ መስቀል ሳደርግ ነበር የከረምኩት። ሰኞ በጀልባ ተላከ።

ረቡዕ ዕለት የላሞቹ ሐኪም የሚመጣበትን ቀን ፈልጌ ያንኑ ቀን መቁጠሪያ አየሁ። አባባ ዝናብ በዘነበ ቀን በእርሳስ ነጥብ የማድረግ የድሮ ልማዳቸውን ዛሬም አልተዉም። የእኔ መስቀሎችና የእሳቸው ነጥቦች ጎን ለጎን ተሰልፈዋል። ከአንዱ በቀር መስቀል ያለበት ቀን ሁሉ ማግስቱ ነጥብ አለበት። አሥራ ዘጠኝ መስቀል፣ አሥራ ስምንት ነጥብ። ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ለካ ጠፍተን አናውቅም! ያ ሰማያዊ ነገር ዝናብ ነው። ዝናቡ እኛ ላይ ሲያርፍ ቡናማዋ ፍርፋሪ ሰማያዊ ትሆናለች፤ ዙሪያዋ ባሕር ነው፣ ባሕሩም ሰማያዊ ነው። ሦስት ወር ሙሉ ነገ ይዘንባል እየተባልን፣ እኛ ሰረዙን እያልን ስንጮህ ከርመናል።

ሮጬ ለጊርዚ ነገርኳት። ዕቃ መደርደሯን ሳታቆም «እንደዚያ ብለሽ እንድታስቢ እኮ ነው የፈለጉት» አለችኝ። እውነቱን ልንገርህ፣ ግማሽ ልቤ ዛሬም ከእሷ ጋር ነው። ደሴት ላይ ተወልዶ ያደገ ሰው ለዝናብ የባሕርን ቀለም አይሰጠውም። ስለዚህ ወይ ካርታውን አንተ አልሠራኸውም፣ ወይ ሆን ብለህ ነው፣ ወይ ደግሞ ስትሠራው እኛ ትዝ አላልንህም። ሆን ብለህ ከሆነ ተጣልተን እንታረቃለን። እኔ የምፈራው የመጨረሻውን ነው። እባክህ እሱ አይሁን።

ቀን መቁጠሪያውን ለአባባም አሳየኋቸው። በጣታቸው ከመስቀል ወደ ነጥብ እየሄዱ አንድ በአንድ አዩት። «የዚያን ማክሰኞም ዝናብ እንዳለ ተነግሮን ነበር ማለት ነው?» አሉኝ። አዎ አልኳቸው። ከዚያን ቀን ወዲህ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ሲሆን ቴሌቪዥኑ ሥር ቆመው፣ አፍንጫቸው መስተዋቱን ሊነካ ምንም ሳይቀረው፣ ሴትዮዋን ያዳምጣሉ። እኔ አፌን ከከፈትኩ በእጃቸው ዝም ያሰኙኛል። የታችኛው ማሳ ገና አልታጨደም። ሦስት ደረቅ ቀን በተከታታይ ካገኘን ሾልማ እዚሁ ትከርማለች። ካላገኘን መሄዷ ነው።

ሄለንን አቅፈህ ሳምልኝ፤ የላከችው ሹራብ ልክ ሆኖልኛል በላት። ትንሿን ጉንጯን ሳምልኝ፤ አክስትሽ ገና ያላየሽው ጥጃ አለልሽ ትላለች በላት። ሃኮን ሰላም ብሎሃል፤ ቀልዱን እንደጻፍኩልህ ግን እንዳትነግርብኝ። ጊርዚ ሰላም አላለችህም፤ እሷ በአቤቱታው ላይ ትመጣልሃለች። ጎረቤቶቻችንም በየስማቸው እንደምን አለህ ይሉሃል፣ ግማሾቹ ከልባቸው ነው።

አባባ ይህን ስጽፍ አይተውኛል። ለማን ነው ብለው አልጠየቁኝም፣ ሰላም በይልኝም አላሉም። ብቻ አሁን ኮታቸውን ለብሰው ወደ ላሞቹ ሊወጡ ሲሉ በሩ ላይ ቆም አሉና «ሐሙስ ይዘንብ እንደሆነ ጠይቂው» አሉኝ። ደብዳቤው እስከ ሐሙስ አይደርስም አልኳቸው። «እንግዲያውስ የሚቀጥለውን ሐሙስ ይንገረኝ። ሣሩ ይታገሣል» ብለው ወጡ።

ራስሚ፣ መልሱን ስትጽፍ ፖስታው ላይ የእኔን ስም አታድርግ። የአባባን ስም አድርግበት።

እህትህ ኦስላ
ስቴንሰይ፣ ሼትላንድ
ኦገስት 14 ቀን 2006