ዝቅ ያለች ኮርቻ

ሎያኖ፤ ሚያዝያ፣ እሁድ ከሰዓት በኋላ

ለታላቅ እህቴ፣

ይህ ወረቀት በደኅና ያግኝሽ። እንደምን ከረምሽ? ብርዱስ እንዴት አደረገሽ? የባሕር ዳር እርጥበት ለአጥንት ጠላት ነው ሲሉ ስለምሰማ እግርሽን ሳስበው ነው የከረምኩት። ባልሽ ቫልተርስ እንዴት ነው? ጀልባው አሁንም ውሃ ያስገባል? እኔ ደኅና ነኝ። ደኅና ነኝ ስል መቼም ታውቂዋለሽ፤ እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ከሰኞ እስከ ዓርብ መጋዘን ውስጥ የወለል ንጣፍ ካርቶን ስደረድር እውላለሁ። እሁድ ሲመጣ ግን ቤቱ ይሰፋብኛል። ለአንድ ሰው ፓስታ መቀቀል እስከ ዛሬ አልሆነልኝም፤ ሁልጊዜ ይተርፋል፣ ሰኞ ደግሞ እሱኑ አሙቄ እበላለሁ።

ስልክ ስደውል የሚያነሳው ባልሽ ነው። ተኝታለች ይለኛል። ከጠዋቱ አምስት ሰዓት ላይም ተኝታለች፣ ከሰዓት በኋላ አስር ሰዓት ላይም ተኝታለች። አልፈርድበትም። ሰውዬው መዋሸት አይችልበትም፣ ድምፁ ያስታውቅበታል። ስለዚህ ደብዳቤ ይሻላል አልኩ። ስታነቢው ቢያናድድሽ ምድጃ ውስጥ ክተቺው፤ ብቻ መጀመሪያ ጨርሺው።

ወሬዬ ምን መሰለሽ፣ ይህን ብርድ ሁለተኛ ሞተር ስመርጥ ከረምኩ። አትሳቂ። ትልቋ ግራጫዋ አሁንም አለች፣ ጤነኛ ናት፣ ሩቅ መንገድ ላይ የሚያክላት የለም። ግን እሷ እንደ ቁም ሣጥን ናት፤ ለአንድ ቡና ብለሽ የምታወጫት አይደለችም። ቀለል ያለች፣ ጠመዝማዛ መንገድ ላይ የምታስቅ፣ ሰው ለደስታ ብቻ የሚነዳት አንዲት ሞተር ፈልጌ ፒያኖሮ ከተማ፣ የጋራዡ ባለቤት ሎሪስ ጋ ሄድኩ። ሎሪስን ብታዪው፣ ጸጉሩ አልቆ ቦርጩ ብቻ ቀርቷል። ጋራዡ ግን ያው ነው፣ ምላሱም ያው ነው። ሐሳቤን ስነግረው ከላይ እስከ ታች አየኝና «አንድ ቂጥ ነው ያለህ፤ ሁለት ኮርቻ ምን ያደርግልሃል?» አለኝ። ለደስታ ነው አልኩት። ቃሉ አፌ ላይ እንግዳ ሆነብኝ። ካንቺ አደጋ ወዲህ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ ማለት ነው፣ ያወጣሁት አይመስለኝም።

መጀመሪያ ያወጣልኝ አንዲት ቀይ ነበረች። የኋላ መቀመጫ እንኳን የላትም። ሞንጊዶሮ ድረስ ነዳኋትና ተመለስኩ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ሄልሜቴ ውስጥ እንደ ልጅ ጮኼያለሁ። በሃምሳ አንድ ዓመቴ ወገቤን ለሁለት አጥፋ፣ የእጄን አንጓ ልትሰብር ደርሳ፣ ያም ሆኖ ጮኼያለሁ። ከዚያ አንዱ መታጠፊያ ላይ ስደርስ ትዝ አለኝ፤ ከተነሳሁ ጀምሮ ስፖኪዮ አንዴም አላየሁም። አሁን ልይ ብል የሚታየኝ የራሴ ክርን ነው። ለሞተር ማኅበራችን ያወጣሽውን ሕግ መቼም አልረሳውም። ማንም ከፊቱ ላለው ሰው አይጨነቅም፣ ሁሉም ከኋላው ላለው ኃላፊ ነው። መንታ መንገድ ላይ የደረሰ ይቆማል፤ ከኋላው ያለው ሰው መብራት ስፖኪዮው ውስጥ እስኪገባ አይንቀሳቀስም። ክርን ብቻ የምታሳይ ሞተር ምን ልታደርግልኝ ነው ብዬ መልሼ ሰጠሁት።

ሁለተኛዋ ለእኔ የተሰፋች ነበረች። እግሬ ልክ፣ እጄ ልክ፣ ድምፅዋ ወፈር ያለ፣ ፍሪሲዮኗ ለስላሳ። ሎሪስ ወረቀቱን ማዘጋጀት ጀምሮ ነበር። እኔ ወርጄ አጠገቧ ቆምኩና ኮርቻዋን በእጄ ለካሁት፤ ወገቤ ላይ ደረሰ። ትረዝማለች አልኩት። ሎሪስ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። አንድ ሜትር ከዘጠና ሴንቲ ሜትር ቁመቴን ቀና ብሎ እያየ ለማን ነው የምትረዝመው ብሎ ጠየቀኝ። እንዳልሰማ ሆንኩ፤ ከኋላ በሸራ የተሸፈነችው ምንድን ናት አልኩት።

አረንጓዴ ናት። ሎሪስ ጋራዥ ከመክፈቱ በፊት የተሠራች ትመስላለች፣ ግን ሞተሯ ንጹሕ ነው። ኮርቻዋ ዝቅ ያለ ነው፤ አጠር ያለ ሰው ሁለት እግሩን መሬት ላይ አስተካክሎ ያሳርፋል፣ በጫፍ መንጠራራት የለም። ብትወድቅ አንድ ሰው ብቻውን ያነሳታል፤ አስተኝቼ ሞክሬዋለሁ። እኔ ስቀመጥባት ጉልበቴ ጆሮዬ ሥር ይደርሳል። ሎሪስ ድብ ሦስት ጎማ ብስክሌት ላይ ወጣ ብሎ ጎረቤቱን ሁሉ ጠርቶ አሳቀብኝ። ይሳቁ። መታጠፊያ ላይ እንዴት ዘንበል እንደምትል ብታዪ! አንቺ ገና ስታስቢው እሷ ትታጠፋለች። ከላይ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀምሮ እስከ ድልድዩ ያሉትን ሰባቱን መታጠፊያዎች ታውቂያቸው የለ፣ ፍሬን ሳልነካ ወረድኳቸው፣ ደግሜም ወጣኋቸው።

ይህችን እወስዳለሁ፣ አንድ ነገር ግን ትሠራልኛለህ አልኩት። በቀኝ እግር የሚረገጠውን የኋላ ፍሬን አንስተህ ግራ እጀታው ላይ፣ ከፍሪሲዮኑ ሥር፣ በጣት እንዲያዝ አድርግልኝ። ሎሪስ ያን ጊዜ መሳቁን አቆመ። እጁን በጨርቅ ጠረገ፣ ደግሞ ጠረገ። መፍቻዎቹን አውጥቶ ቁጢጥ ካለ በኋላ ቀና ሳይል «የዝናብ ልብሴን ያነሳችልኝ እሷ ነበረች» አለኝ። እኔ ውጭ ወጥቼ ግድግዳ ተደግፌ ቆየሁ።

እህቴ፣ አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ይህን ሁሉ ገጽ የፈጀሁት እሱን ስሸሽ ነው።

ያን የጥቅምት እሁድ ከራቲኮዛ ተራራ ስንወርድ ካፊያ ነበር። የሎሪስ የዝናብ ልብስ ከሞተሩ ላይ ተፈቶ ወደቀ፤ አንቺ እንደ ልማድሽ መጨረሻ ላይ ነበርሽና ልታነሺለት ቆምሽ። ከሁሉ ኋላ የምትነጂው መጥረጊያችን አንቺ አይደለሽ? ሃያ ሁለት ዓመት ብርቱካናማውን ማሰሪያ ክንድሽ ላይ አስረሽ የሰው ዕቃ ስታነሺ፣ የቆመበትን ስትጠብቂ። ከፊትሽ የምሄደው ሁልጊዜ እኔ ነኝ። ስትቆሚ በስፖኪዮ አየሁሽ። አላየሁም ልልሽ አልችልም፤ አየሁሽ። ከዚያ የሞዴናው ሰውዬ፣ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ አብሮን የወጣው፣ ከተፍ ብሎ አለፈኝና ዞር ብሎ ራሱን ነቀነቀብኝ። አንተ ሽማግሌ ያለኝ መሰለኝ። ደሜ ፈላ።

ከፊሬንዙዎላ ከተማ በታች መንታው መንገድ ላይ ስደርስ ቆምኩ። ሁለት ጊዜ ተነፈስኩ። ሌሎቹ ሁሉ በግራው፣ በኢሞላ መንገድ፣ ሄደዋል፤ የሰውዬው የኋላ መብራት ገና ይታየኛል። ትደርሳለች፣ መንገዱን ታውቀዋለች ብዬ ተከተልኩት። አንቺ ስትደርሺ ማንም የለም። መንታ ላይ የቆመ ሰው ከሌለ ቀጥ ብሎ መሄድ ነው፤ እሱም ያንቺ ሕግ ነው። ቀጥ ብለሽ ወደ ጆጎ ተራራ ወጣሽ፤ እኛን ልትደርሺብን ቸኮልሽ፤ የወደቅሽውም ለዚህ ነው። እኛ በሌላው መንገድ ስንፈልግሽ አንቺ ቀኝ ቁርጭምጭሚትሽ ተሰብሮ አርባ ደቂቃ ብቻሽን ቦይ ውስጥ ተኛሽ።

ይህ ብቻ ቢሆን ጥፋት ነው፣ ሰው ያጠፋል። እኔ ግን ሆስፒታል ደርሼ ለቫልተር «አስር ደቂቃ ጠበቅኳት» አልኩት። ለሁሉም እንደዚያው አልኩ። ለቡና ቤቷ ደርናም፣ ለሎሪስም፣ ፖሊሱ ሲጠይቀኝም። ቫልተር ያን ወር ሙሉ አልጋሽ ሥር ቁጭ ብሎ ወንድምሽ ቆሞ እየጠበቀሽ በሌላ መንገድ የምትሄጂ ምን ዓይነት ግትር ሴት ነሽ እያለ ሲቆጣሽ እኔ መስኮቱ ጋ ቆሜ እሰማ ነበር። አንድ ቀን ቀና ብለሽ አየሽኝ። አሁን ትናገራለች አልኩ። አንቺ ውሃ ስጡኝ አልሽ። ያመጣሁልሽ እኔ ነኝ፤ ብርጭቆውን ተቀብለሽ እግዜር ይስጥልኝ አልሽኝ።

ሁለት ጊዜ ነው የተነፈስኩት። አስር ደቂቃ አይደለም። አልጠበቅኩሽም። ለቫልተር ይህንን ገጽ አንብቢለት፤ ባታነቢለትም እኔ ራሴ ጽፌለታለሁ፣ ደብዳቤው ካንቺው ጋር በአንድ ቀን ይደርሳል። ለሎሪስም ነግሬዋለሁ። እስከ ዛሬ ምን ስትጠብቅ ነበር አለኝ።

ማኅበሩ እንደተበተነ ሰምተሽ ይሆናል። ማንም ማንንም አላባረረም፤ መጨረሻ ላይ የሚሄድ ሰው ታጣ፣ በቃ። ማሰሪያሽ ደርና ቡና ቤት ውስጥ፣ ከመጠጡ መደርደሪያ በላይ ሚስማር ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። የነካው የለም። ደርና እሁድ በመጣሁ ቁጥር እህትህ እንዴት ናት ትለኛለች፣ ደኅና ናት እላታለሁ፣ ኩባያዋን ማጠቧን ትቀጥላለች። ባለፈው ሳምንት ማሰሪያውን አውርጂልኝ አልኳት። ለማን ነው አለች። ለእኔ ነው አልኩ። «አንተ ደግሞ ከሰው ኋላ መሄድ መች ትችልበታለህ» አለችኝ። እማራለሁ አልኳት። በርጩማ ላይ ወጥታ አወረደችልኝ፤ አጥቤዋለሁ፣ ቀለሙ ትንሽ ለቋል።

ዛሬም ከራቲኮዛ ስወርድ ሁለት ጎረምሶች ከኋላዬ መጡ። ጠርዝ ይዤ አሳለፍኳቸው። እንደ ሞተረኞች ደንብ ሁለቱም ቀኝ እግራቸውን ዘርግተው አመሰገኑኝ። ድሮ ልብ ብዬው የማላውቀው ነገር ነበር፤ አሁን አንድ ሰው ቀኝ እግሩን በዘረጋ ቁጥር ያንቺ ቁርጭምጭሚት ነው ትዝ የሚለኝ። መንታው ላይ ደርሼ ቆምኩ። እሁድ እሁድ ከጠዋቱ አራት ሰዓት እስከ ስድስት ሰዓት እዚያ ነኝ። ሞተሬን አጠፋለሁ፣ ሄልሜቴን አወልቃለሁ፣ ስፖኪዮ አያለሁ። የሰው ሞኝ ሆኛለሁ። አንድ የወተት መኪና ሹፌር ተበላሽታብህ ነው ወይ ብሎ ሁለት ጊዜ ቆሞልኛል፤ አሁን ለምዶኝ ጥሩንባ ነፍቶ ብቻ ያልፋል።

የአረንጓዴዋን ነገር ልጨርስልሽ። ፍሬኑ ቦታ ስለለወጠ መዝገቧ ላይ ማስጻፍ ግድ ነበር፤ የተሽከርካሪ ምርመራ ቢሮዎቹ ሁለት ወር አመላለሱኝ። መርማሪው እጄንም እግሬንም አገላብጦ አየና አንተ ምን ጎደለህና ነው አለኝ። የቤተሰብ ናት አልኩት። በዚያው ለመንጃ ፈቃድ ጉዳት ያለበትን ሰው የሚመረምሩት ሐኪሞች የሚሰበሰቡት ሐሙስ ሐሙስ እንደሆነ፣ ቁርጭምጭሚት ብቻ ከሆነ ብዙም እንደማያስቸግሩ ሰማሁ። ለወሬ ያህል ነው የምነግርሽ።

ይቅር በይኝ ብዬ አልለምንሽም፤ ልለምንሽ አፌ አይደፍርም። ባትመልሺልኝም አልቀየምሽም። እግዚአብሔር እግርሽን ያበርታልሽ። ሌሊት የሚያምሽን ይውሰድልሽ። ቤትሽን ያሙቅልሽ፣ ቫልተርን ከነጀልባው ይጠብቅልሽ። የእናታችን ጸሎት አይለይሽ።

ሁለት ጊዜ ብቻ የተነፈሰው
ታናሽ ወንድምሽ

ተጨማሪ፦ አረንጓዴዋ ጋራዥ ውስጥ ከግራጫዋ ፊት ናት፤ ስንወጣ እኔ ከኋላ ነኝ። ባትሪዋን ቅዳሜ ቅዳሜ እሞላለሁ። ስፖኪዮዎቿን ግን አልነካኋቸውም፤ እነሱ የሚስተካከሉት ነጂው ከተቀመጠ በኋላ ነው።